«ከልጅ ጋር ለመጫወት ይህ ሁሉ ትምህርት?» ለምትሉን ወላጆች

 

ሰሞኑን በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር እየሰማን ነው። ልጅቱ ቶአር ሪሾን ጨርሳለች። የመንግሥቱን ፈተና አልፋ ፈቃዷን ይዛለች፤ ክሊናኢት ቲክሾሬት ሆና ከጋን ወደ ጋን እየዞረች ትሠራለች። አሁን ቶአር ሼኒ ልማር ስትል ቤተሰቡ ተነሣባት። «ምን ጎደለሽ? ሥራ አለሽ፣ ደመወዝ አለሽ። ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ አሻንጉሊት ለመጫወት ስንት ዓመት ነው የሚማሩት? ይልቅ ትዳር ያዢ፣ ማሽካንታ ጀምሪ» ይሏታል። ሌላው ቤት ደግሞ ነገሩ ከዚያም በፊት ይቆማል። ልጁ ገና ባግሩት ላይ እያለ የዚህን ሙያ ስም ሲጠራ «ዶክተር ሁን፣ ጠበቃ ሁን፣ ሃይቴክ ግባ፤ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይባላል።

እኛ ከልጅቱ ጋር ነን። ለምን እንደሆነ እንናገራለን። የሚቆጣን ይቆጣን፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተናል እንጂ ሥራውን አናውቀውም። በአማርኛ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ብንለው ይቀርባል። አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ ቃል የሚያምታታ ልጅ፣ የሚንተባተብ ወጣት፣ ድምፁ የተዘጋበት አስተማሪ፣ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ፣ ስትሮክ መትቶት ንግግሩ የጠፋበት አባት፣ ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለው በሽተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ወደዚህ ባለሙያ ነው የሚላኩት። አዎ፣ መዋጥም ጭምር። ሆስፒታል ውስጥ «እኚህ ሰው እንጀራ በወጥ መብላት ይችላሉ ወይስ የተፈጨ ብቻ ይሰጣቸው?» የሚለውን የምትመረምረው እሷ ናት። ሙያው በሕግ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ነው፤ ክኔሴት ስግድን የአገር በዓል ያደረገበት ያው ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ አሻንጉሊቱን አትናቁት። የልጅ ቋንቋ በመርፌ ደም ተቀድቶ አይለካም፤ ልጁ ሲጫወት ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ቁስሉ እንግባ።

አራት ዓመት የሞላው ልጅ ጋን ውስጥ ዝም ይላል። ጋኔኔቷ ትጨነቃለች፣ ወላጆች ይጠራሉ፣ ኢቭሑን ይደረግለታል። መርማሪዋ ሥዕል ታሳየዋለች፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዓይኗን አያይም። ሲጠየቅ በአንዲት ቃል ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ «ዓይን አያይም፣ በራሱ ንግግር አይጀምርም፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው» ተብሎ ይጻፋል። እናቶች፣ ይህን ስትሰሙ ምን ትላላችሁ? በእኛ አገር ይህ ልጅ ጨዋ ነበር የሚባለው። ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር፣ ሲጠየቅ አሳጥሮ የሚመልስ። ቤቱ ያስተማረውን ጨዋነት ነው ወረቀቱ እንደ በሽታ የመዘገበበት።

ደግሞ ሁልጊዜ ጨዋነት ነው አንልም። አንዳንዴ ልጁ በእውነት ችግር አለበት። ጨዋነቱን ከችግሩ ለመለየት ግን ሁለቱንም የምታውቅ ሰው ታስፈልጋለች።

ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ልጁ ኳስ ከጓደኛው ለምኖ ሲከለከል «አልሰጠኝም» ቢል አንድ ቃል ተናገረ ይባላል። ይህንኑ በዕብራይስጥ ለማለት «ሁ ሎ ናታን ሊ» ብሎ አራት ቃል መደርደር አለበት። በእኛ ግን ማን እንደከለከለ፣ ማንን እንደከለከለ፣ መከልከሉም ጭምር በአንዲት ቃል ያልቃል። ቃል ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ልጅ ቋንቋው ድሃ ነው ይለዋል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን ልጁ ግሡን ከነአድራጊው ከነተቀባዩ አስተካክሎ እንዳሰረው ያያል። ሌላም እንጨምር። «ይበላል» ስንል ሰውዬው ይበላል ነው ወይስ ምግቡ ይበላል? ሲጻፍ አንድ ነው፤ የሚለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። እኛ ሳናስበው እንለየዋለን። ዕድሜው ደርሶ ይህን የማይለይ ልጅ ካለ ሊመረመር ይገባዋል፤ ግን ይህን ስሕተት ጆሮው አማርኛ ካልለመደ ማን ይሰማዋል? ትግርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦቻችንም የባሰ ተረስተዋል እንጂ ጉዳያቸው ያው ነው።

በዚህ ሙያ የተማሩ የሚስማሙበትን ነገር ስሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ በሽታ አያመጣም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ በሚያውቃቸው በሁለቱም ቋንቋዎች ይቸገራል። በአማርኛ ደህና እየተናገረ በዕብራይስጥ የሚያንስ ልጅ ገና እየተማረ ነው፤ ጊዜና ጥሩ ጋኔኔት ይበቃዋል። እንግዲያውስ ትክክለኛ ምርመራ ሁለቱንም ማየት አለበት። በዕብራይስጥ ብቻ ያደጉ ልጆች በተለኩበት ፈተና የእኛን ልጅ ለክቶ «ከዕድሜው በታች ነው» ማለት በአንድ ዓይን አይቶ መፍረድ ነው።

ይህ የአንድ ዓይን ፍርድ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያደርሳል። አንደኛውን ሁላችን እናውቀዋለን፦ ጤነኛው ልጅ ወደ ሒኑኽ ሜዩሐድ ይላካል። ሁለተኛው ግን ብዙ አይወራም። በእውነት የሚቸገረው ልጅ «የኦሊም ልጅ ነው፣ ሁለት ቋንቋ ነው የሚሰማው፣ ይደርሳል» ተብሎ ይታለፋል፤ አንደኛ ክፍል ገብቶ ማንበብ ሲያቅተው ነው የሚታወቀው። እስከዚያ ድረስ ሊረዳ የሚችልባቸው ዓመታት አልፈዋል።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከ1984–85ቱ ከሙሴ ዘመቻ በኋላ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ፣ ልጆቻችን አይተውት በማያውቁት ወረቀትና እርሳስ፣ በማያውቁት ቋንቋ ተፈትነዋል። በኋላ ባሉት ዓመታት ከቁጥራችን በላይ ወደ ልዩ ትምህርት መላካቸውን መንግሥትም ያውቀዋል። በዚያ ጊዜ ለልጆቻችን ከተከራከሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሮይቨን ፎየርሽታይን ነበሩ። እኚህ ሰው «ልጁ ዛሬ ምን ያውቃል?» ከማለት ይልቅ «ሲያስተምሩት እንዴት ይማራል?» ብለው የሚጠይቁበትን የፈተና ዘዴ ያወጡ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ከመጡ ልጆች ጋርም ሠርተውበታል። ነፍሳቸውን ይማር፣ በ2014 አርፈዋል። ግን ልብ በሉ፣ የተከራከሩልን ሩማንያ የተወለዱ ሰው ናቸው። እስከ መቼ ሌላ ሰው እንዲከራከርልን እንጠብቃለን?

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበንን እንናገር። ስንት እናት ናት «ቤት ውስጥ አማርኛ አታውሩት፣ ልጁ ይደናገራል፣ ዕብራይስጥ ብቻ አውሩት» የተባለችው? በጋን፣ በክሊኒክ፣ አንዳንዴም ከራሳችን ሰው። እናትም ለልጇ ብላ ታዘዘች። ኡልፓን ለጥቂት ወራት ተቀምጣ የያዘችው ዕብራይስጥ ስንት ቃል ነው? «ቦ፣ ሼቭ፣ ቶኻል፣ ዳይ።» በአማርኛ ተረት የምትተርት፣ ነገር በምሳሌ የምታስረዳ፣ የምትመርቅና የምትቆጣ ሴት ለልጇ ትእዛዝ ብቻ የምትሰጥ ሆነች። ልጁም ዕብራይስጡን ከእሷ በስብርባሪ ሰማ፣ አማርኛውን ጭራሽ አልሰማም። ከዚያ በኋላ «ቤቱ የቋንቋ ድህነት አለበት» ተባለ። መጀመሪያ ቤቱን ዝም አሰኙት፣ ቀጥሎ ዝም በማለቱ ወቀሱት!

ልጅ ቋንቋ የሚማረው ሰፋ ያለ ንግግር ከሚሰማበት አፍ ነው። ታሪክ፣ ጥያቄ፣ «ለምን?»፣ «ከዚያስ?»። በአማርኛ ታሪክ መከተል የለመደ ልጅ ያንን ችሎታ ይዞ ወደ ዕብራይስጥ ይገባል። ይህን ለእናትየው በቋንቋዋ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ ለጋኔኔቷም በጽሑፍ ማስረዳት የሚችል ባለሙያ ከመካከላችን ቢኖር ስንት ቤት ዝም ባላለ ነበር!

«ይህ የልጆች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ ሽማግሌዎች ደግሞ ወደ እናንተ እንመለስ። አያታችን ስትሮክ መታቸው እንበል። እጃቸው ተመለሰ፣ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። ድሮም ዕብራይስጣቸው ለገበያና ለአውቶቡስ ያህል ነበር። ክሊናኢቷ ደግ ናት፣ ሥራዋንም ታውቃለች፤ አማርኛ ግን አታውቅም። የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም ይጠራል። የእሱ አማርኛ ደግሞ ገበታ ላይ ነው የሚያልቀው። ሥዕል ይመጣል። በዓለም ሁሉ የታወቀው የቦስተን የሥዕል ስም ፈተና ውስጥ ከበረዶ የተሠራ ጎጆ አለ። ከጎንደር ገጠር ለመጡ ሴት የበረዶ ጎጆ! በአንጻሩ ሰፌድ፣ ሙቀጫ፣ አክንባሎ፣ እንስራ፣ ጋን (የጠላውን ጋን ማለታችን ነው፣ የልጆቹን አይደለም) ቢያሳዩአቸው ምን ይሉ ነበር? ማንም አላሳያቸውም።

አስተርጓሚ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎች በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲመቹ አዟል፣ የስልክ አስተርጓሚም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ተጠቀሙበት። «የት ያምምዎታል? መድኃኒቱን ጠዋት ይውሰዱ» ለማለት ይበቃል። ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። ምክንያቱን በምሳሌ እንንገራችሁ። ማንኪያ ይታያቸዋል። «ሹካ» ይላሉ። ወይም «ማንፊያ» ይላሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ስሕተት አይደለም። የመጀመሪያው ትርጉሙ የተቀራረበ ሌላ ቃል መጥቶባቸው ነው፣ ሁለተኛው ቃሉን አግኝተውት ድምፁ ተበላሽቶባቸው ነው። ሕክምናውም ይለያያል። አስተርጓሚው ምን ያደርጋል? ሰው ነውና ያዝናል፣ «ማንኪያ ማለታቸው ነው» ብሎ አስተካክሎ ይነግራታል። ስሕተቱ ጠፋ፤ ባለሙያዋ የምትፈልገው ግን ስሕተቱን ራሱን ነበር። ወይም ደግሞ «የማይገባ ነገር ነው የሚናገሩት» ይላል፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ መገመት ነው።

በሁለት ቋንቋ የኖረ ሰው ስትሮክ ሲመታው አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ፣ አንዳንዴ አንዱ ቀድሞ ይመለሳል። ቀድሞ የሚመለሰው አማርኛው ከሆነና አማርኛውን የሚሰማ ሰው ከሌለ፣ መመለሱን ማን ያያል? ሰውየው እየተናገሩ «አይናገሩም» ይባላሉ። እናንተ እያረጃችሁ ነው፤ እኛም እንከተላለን። ይህን አስቡበት።

ታዲያ ቶአር ሼኒ ለምን? በአሜሪካ ይህን ሙያ ለመሥራት ሁለተኛ ዲግሪ ግዴታ ነው። እዚህ አይደለም፤ የመጀመሪያ ዲግሪና የመንግሥት ፈተና ይበቃል። ወላጆች «ፈቃድ ካለሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚሉት ለዚህ ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም ይኼው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ባለሙያ ሰዎች በሰጧት መለኪያ አንድ አንድ ልጅ እያነሣች ታክማለች። እሷ ራሷ አማርኛ ብትችልም፣ የአምስት ዓመት የእኛ ልጅ በአማርኛ ምን መናገር እንዳለበት የሚያሳይ መለኪያ ካልተሠራ በግምት ነው የምትሠራው። ቫዓዳ ፊት ቀርባ «ይህ ልጅ ደህና ነው» ስትል «ማስረጃሽ የታለ?» ይሏታል። ማስረጃውን የሚሠራው ጥናት ነው። ጥናት የሚሠራው ቶአር ሼኒ ከነቴዛው፣ ቀጥሎም ዶክትሬት ያለው ሰው ነው። ተማሪ የምታስተምረው፣ ለሚኒስቴር የምትጽፈው፣ «ይህ ፈተና ለእነዚህ ልጆች አይሆንም» ብላ ስትናገር የምትሰማውም እሷ ናት።

የሩሲያዎቹን ተመልከቱ። በ1990ዎቹ ሲመጡ ሎጎፔድ የሚሏቸውን ባለሙያዎች ከአገራቸው ይዘው መጡ። እናት ልጇ ቢያሳስባት በቋንቋዋ የምታማክረው ሰው አላት። በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሻሮን አርሞን ሎተም የተመራ ከ2009 እስከ 2013 የቆየ የአውሮፓ የጥናት ትብብር፣ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች የቋንቋ ችግር እንዴት እንደሚለይ መሣሪያ አዘጋጅቷል፤ እዚህ አገር ሩሲያኛና ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ የሚናገሩ ልጆች ብዙ ተጠንተዋል። ቅናት አይደለም፣ ደስ ይለናል። ግን ሩሲያኛውን ያጠኑት ሩሲያኛ የሚችሉ ሰዎች ስላሉ ነው። አማርኛን ማን ያጠናልን? ከእኛ ልጆች ሙያውን የያዙ አሉ፣ እናከብራቸዋለን፤ ሥራው ግን ከእነሱ አቅም በላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ፈተና እናስመጣ ቢባልም አይሆንም። የእኛ ልጆች አማርኛ የአዲስ አበባ አማርኛ አይደለም። «ማዝጋኑን አብሪው፣ ከጋን ስትመለሺ ማካሌት ግቢ» እያልን ነው የምናሳድጋቸው። ልጁ ይህን ቢናገር ተደናግሮ አይደለም፣ የሰማውን ነው የተናገረው። ይህን የኔታንያውን፣ የሬሆቮቱን፣ የቂርያት ጋቱን አማርኛ የሚያውቀው እዚሁ ያደገ ሰው ነው። ጥናቱን ስትጀምር ደግሞ ልጅቱ ወደ እናንተ ነው የምትመጣው። መቅረጫ ይዛ በራችሁን ታንኳኳለች። ልጆች ሲጫወቱ ትቀዳለች፣ አያቶች ተረት ሲተርቱ ትቀዳለች። ያኔ «ምን ሊያደርጉን ነው የሚቀዱን?» ብላችሁ በር እንዳትዘጉባት።

«ገንዘቡስ?» ትላላችሁ። ደመወዙ ሃይቴክ አይደለም፣ አንዋሽም። ለትምህርቱ ግን ምንሃል ሃስቱደንቲም ትውልደ ኢትዮጵያ ተማሪዎችን ይረዳል፣ ሌሎች የስኮላርሺፕ መንገዶችም አሉ፤ ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር ቀርቦ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ዲግሪ በቴል አቪቭና በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሪኤል፣ በኢየሩሳሌም ሃዳሳ ኮሌጅና በኦኖ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ቴል አቪቭና ሃይፋ ያስተምራሉ። መግቢያው ከባድ ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጥሩ ባግሩትና ፕሲኮሜትሪ ይፈልጋሉ። (ፕሲኮሜትሪ በዓረብኛ፣ በሩሲያኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ ሲሰጥ ኖሯል፣ በአማርኛ ግን የለም። ይህን ለሌላ ቀን እናቆየው።) «ትዳሩስ?» ለምትሉ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ትምህርት ትዳር አያፈርስም። ማግባትም መማርም አብረው ይሄዳሉ፤ ልጅ ሲወለድ አያት ሦስት ቀን ከያዘች ልጅቱ ትማራለች። ደግሞ ወንዶቹንም ላኩ። በዚህ ሙያ ወንድ ጥቂት ነው፣ የሚንተባተብ ወንድ ልጅ ደግሞ ብዙ ነው።

አሁን እናንተንም እንውቀሳችሁ። መንግሥትን ብቻ ብንወቅስ ሐቅ አይሆንም። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ በማንኛውም ቋንቋ የማይናገር ከሆነ፣ ወይም ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ «አጎቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብሎ መቀመጥ ምንድን ነው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትሉናላችሁ። እንቁላሉ በእግሩ የሄደው እኮ ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው! ያልታቀፉት እንቁላል ይበላሻል። ቲፓት ሐላቭ ንገሩ፣ መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ ጆሮው ውስጥ ውኃ ቋጥሮ የማይሰማ ስንት ልጅ አለ! ቃሉን ስትቆጥሩ ደግሞ የአማርኛውንም የዕብራይስጡንም አንድ ላይ ቁጠሩ፦ «ውኃ»ም «ማይም»ም ቃል ነው። «ሰው ምን ይላል» ብሎ ልጅን መደበቅም ይቅር። መነጽር ያደረገ ልጅ አይደበቅም።

ባለሙያዋ ተምራ እስክትመጣ ግን ልጆቹ አይጠብቁም። ስለዚህ ኢቭሑን ስትጠሩ በባዶ እጅ አትሂዱ። «ልጄን በየትኛው ቋንቋ ነው የምትመረምሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ትግርኛ እንደሚሰማ፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ዕብራይስጥ እንደሰማ ወረቀቱ ላይ ይጻፍላችሁ። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለ ወንድሟ የሚባለውን መስማት ለእሷም ሸክም ነው። የሠለጠነ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲያወራ በስልካችሁ ቅዱትና አሳዩ፤ ጋን ውስጥ ዝም የሚለው ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለፈልፍ ይዩት። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ «ወስጄ ላስነብበው» ማለት ነውር አይደለም። የ1988ቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ ቫዓዳው ፊት ቀርቦ እንዲናገር፣ ባይስማማም ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል። ዔሬር ይባላል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡ። ልዩ ትምህርት በእውነት የሚያስፈልገው ልጅ ካለ ደግሞ ውሰዱት፤ የምንጣላው ያለ ሚዛን ከሚሰጠው ፍርድ ጋር ነው፣ ከእርዳታው ጋር አይደለም።

ሆስፒታል ያለ ሽማግሌ ካላችሁም እንዲሁ። በደህና ጊዜ ስንት ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር፣ የትኛውን አብልጠው እንደሚናገሩ፣ ማንበብ ይችሉ እንደነበር ጽፋችሁ ለክሊናኢቷ ስጡ። የቤታቸውን ዕቃ ፎቶ አንሥታችሁ ውሰዱላት፤ ሰፌዱን፣ ጀበናውን፣ ምጣዱን። የተናገሩትን እንዳለ ንገሯት፣ አታስተካክሉላቸው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በድምፅ ላኩላቸው።